ከድሮን ፎቶ ካርታ ለመሥራት የትኛውን ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር እንምረጥ?

ድሮን ማብረር ዛሬ ብዙ ሰው የሚችለው ሥራ ሆኗል። ስልካችን ላይ ባለ አፕ አካባቢውን በጣት ከብበን እናሳያለን፤ ድሮኑ ራሱ እየተመላለሰ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሜሞሪ ካርዱ ላይ 300 ፎቶ አለ፤ እኛ የምንፈልገው ግን አንድ ካርታ ነው። ርቀት የሚለካበት፣ የእርሻ ስፋት የሚሰላበት፣ ከሌላ ካርታ ጋር ሲደረብ ልክ ቦታው ላይ የሚያርፍ ካርታ።

ይህን ሥራ የሚሠሩ እንደ ፒክስፎርዲ እና አጊሶፍት ሜታሼፕ ያሉ የንግድ ሶፍትዌሮች አሉ። ጥሩ ናቸው፤ ግን ዋጋቸው በዶላር ወይም በዩሮ ነው። ውጭ አገር ደመወዝ ለሚያገኝ ሰው ይህ የበጀት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ላለ ተማሪ ግን የውጭ ምንዛሪና ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ማግኘት ራሱ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ከአገር ቤት ጓደኛ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም የልማት ድርጅት ጋር አብራችሁ ለመሥራት ካሰባችሁ፣ ሁለታችሁም እኩል ልትጠቀሙበት የምትችሉት መሣሪያ ኦፕን ሶርስ ነው።

አጭሩ መልስ ይኸውና፦ ለአብዛኛው ሰው ተገቢው መነሻ ኦፕንድሮንማፕ፣ በተለይም ዌብኦዲኤም የተባለው ገጹ ነው። ነገር ግን "ይሄን ጫኑ" ብሎ ማለፍ ብዙም አይጠቅምም። የሚሠራውን ሳናውቅ የምንጠቀመው ሶፍትዌር የሚያምር ግን የተሳሳተ ካርታ ሊሰጠን ይችላል። በዚያ ካርታ ላይ ደግሞ ሰው የእርሻውን ወሰን ያሰምር ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራውን፣ ቀጥሎ አማራጮቹን፣ በመጨረሻም ስለ ትክክለኛነትና ስለ አማርኛ ጽሑፍ እንመልከት።

ፎቶው ራሱ ለምን ካርታ አይሆንም?

ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ብንለጥፋቸው አይበቃም ወይ? አይበቃም። ካሜራ ዓለምን የሚያየው ከአንድ ነጥብ ነው። በቀጥታ ከሥሩ ያለውን ነገር ከላይ ያየዋል፤ ራቅ ያለውን ግን በጎን በኩል ያየዋል።

በቁጥር እንየው። ድሮኑ በ100 ሜትር ከፍታ ላይ ነው እንበል። ከድሮኑ ሥር 60 ሜትር ርቆ 10 ሜትር ቁመት ያለው ባሕር ዛፍ ቆሟል። በፎቶው ላይ የዛፉ ጫፍ የሚታየው ግንዱ ባለበት ቦታ አይደለም፤ ወደ ውጭ 6.7 ሜትር ያህል ተገፍቶ ነው። ኮረብታና ገደልም እንዲሁ ቦታቸውን ይለቃሉ። ሜዳ ላይ ብዙም አይታወቅም፤ እንደ ኢትዮጵያ ደጋ ባለ ወጣ ገባ መሬት ላይ ግን ሁለት ፎቶ ጠርዝ ለጠርዝ አይገጥምም።

ካርታ ማለት እያንዳንዱ ነጥብ በቀጥታ ከላይ የታየበት ምስል ነው። ከድሮን ፎቶ የሚሠራው እንዲህ ያለው የተስተካከለ ምስል ኦርቶፎቶ ይባላል። እሱን ለማግኘት የእያንዳንዱን ነጥብ ከፍታ ማወቅ ያስፈልጋል። በሌላ አባባል፣ ባለ ሁለት ገጽታ ካርታ ለማግኘት መጀመሪያ የመሬቱን 3ዲ ሞዴል መሥራት ግድ ነው። ሥራው ከባድ የሆነውም፣ ኮምፒውተሩ የሚያቃስተውም ለዚህ ነው።

ሶፍትዌሩ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ሁሉም ሶፍትዌሮች፣ የሚከፈልባቸውም ጭምር፣ በግርድፉ ተመሳሳይ ደረጃዎችን ያልፋሉ።

1. ምልክት መፈለግ። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ በቀላሉ የሚለዩ ነጥቦች ይፈለጋሉ፦ የድንጋይ ጥግ፣ የቆርቆሮ ጠርዝ፣ የመንገድ መታጠፊያ። ለዚህ በጣም የታወቀው ዘዴ በ1999 በካናዳዊው ተመራማሪ ዴቪድ ሎው የቀረበው ሲፍት ነው። ሲፍት አሜሪካ ውስጥ በፓተንት የተያዘ ስለነበር ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን ለዓመታት ያሳስባቸው ነበር፤ ፓተንቱ በ2020 አብቅቷል።

2. ማዛመድ። በፎቶ 17 ላይ የታየው የድንጋይ ጥግ በፎቶ 18 እና በፎቶ 43 ላይ የት እንዳለ ይፈለጋል። 300 ፎቶዎችን ሁሉንም ከሁሉም ጋር ማነጻጸር 44,850 ጥንድ ይሆናል። ፎቶው ውስጥ የተመዘገበ የጂፒኤስ ቦታ ካለ ሶፍትዌሩ ጎረቤት የሆኑትን ብቻ ያነጻጽርና ጊዜ ይቆጥባል።

3. የካሜራውን ቦታ ማስላት። ከተዛመዱት ነጥቦች ተነስቶ እያንዳንዱ ፎቶ ከየት ቦታና በምን አቅጣጫ እንደተነሳ ይሰላል። የሌንሱ መዛባትም አብሮ ይገመታል። የዚህ ደረጃ ውጤት ሳሳ ያለ የነጥብ ደመና ነው።

4. ደመናውን ማጥበቅ። አሁን የካሜራዎቹ ቦታ ስለታወቀ ለተቻለው ፒክስል ሁሉ ከፍታ ይሰላል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦች ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ ጊዜና ራም የሚበላው ይህ ነው።

5. ገጽታና ኦርቶፎቶ። ከነጥቦቹ የመሬቱ ቅርጽ ይሠራል፤ ፎቶዎቹ በላዩ ላይ ይለብሱና በቀጥታ ከላይ እንደታዩ ሆነው ይወጣሉ።

የመጨረሻው ውጤት ከአንድ በላይ ነው። ኦርቶፎቶው አለ። ዛፍና ጣሪያን ጨምሮ ከፍታን የሚያሳየው ዲኤስኤም አለ። እነሱን አንስቶ ባዶውን መሬት ለማሳየት የሚሞክረው ዲቲኤም አለ። የነጥብ ደመናው ራሱም አለ። ሶፍትዌር ከመምረጣችሁ በፊት ከእነዚህ የትኛውን እንደምትፈልጉ ወስኑ፤ ምርጫው ግማሹ እዚያ ላይ ያልቃል።

"ነፃ" ሲባል ምን ማለት ነው?

በአማርኛ "ነፃ" ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል፦ ዋጋ የሌለው፣ ወይም ነፃነት ያለው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ለምሳሌ ቪዥዋልኤስኤፍኤም የሚባል በአንድ ወቅት በጣም የታወቀ ሶፍትዌር ነበር። ለግልና ለትምህርት ሥራ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ግን ኦፕን ሶርስ አይደለም፤ ለንግድ መጠቀምም አይፈቀድም ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ተጠቅማችሁበት ከተመረቃችሁ በኋላ ድርጅት ብትከፍቱ እዚያው ትቆማላችሁ።

እውነተኛ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌሮችም ላይሰንሳቸው ይለያያል። እንደ ቢኤስዲ ያሉት ቀለል ያሉ ናቸው፤ ኮዱን ወስዳችሁ በተዘጋ ምርት ውስጥ ብታስገቡት እንኳ ይፈቅዳሉ። ኤጂፒኤል ግን ጠንከር ይላል፦ ኮዱን አሻሽላችሁ በኢንተርኔት አገልግሎት ብትሰጡበት፣ የተሻሻለውን ኮድ ለተጠቃሚዎቻችሁ ክፍት ማድረግ አለባችሁ። ካርታ ሠርቶ ለደንበኛ ለሚያስረክብ ሰው ይህ ምንም አያሳስብም፤ የሠራችሁት ካርታ የራሳችሁ ነው፤ ላይሰንሱ የሚመለከተው ኮዱን ነው። በላዩ ላይ የድር አገልግሎት ለመገንባት ላሰበ ገንቢ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

አማራጮቹ

ኦፕንድሮንማፕ እና ዌብኦዲኤም

ኦፕንድሮንማፕ ከሌሎቹ የሚለየው ከመነሻው ለካርታ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ነው። ፎቶ ታስገባላችሁ፤ ቦታውን የሚያውቅ ኦርቶፎቶ፣ ዲኤስኤም፣ ዲቲኤም፣ የነጥብ ደመናና 3ዲ ሞዴል ይወጣል። ሞተሩ በኮማንድ ላይን ይሠራል። ዌብኦዲኤም ደግሞ በብራውዘር የሚከፈት ገጽ ነው፦ ፎቶ መጫን፣ ሥራውን መከታተል፣ ውጤቱን ካርታ ላይ ማየትና መለካት ይቻላል። ሁለቱም ኤጂፒኤል ናቸው።

ለገንቢዎች ደስ የሚለው ነገር አወቃቀሩ ነው። ከመካከል ኖድኦዲኤም የሚባል ኤፒአይ አለ። ከራሳችሁ ፕሮግራም ፎቶ ልካችሁ ውጤት መቀበል ትችላላችሁ። ክላስተርኦዲኤም ደግሞ ሥራውን ለብዙ ማሽን ያከፋፍላል። የራሱን ጎማ ከመፍጠር ይልቅ የሌሎችን ሥራ ያገናኛል፦ የካሜራ ቦታ የሚያሰላው ክፍል ኦፕንኤስኤፍኤም ነው፤ እሱም ማፒላሪ በተባለው የስዊድን ድርጅት የተጀመረ የፓይተን ላይብረሪ ነው።

የሚጫነው ብዙ ጊዜ በዶከር ነው። ልዩ ግራፊክስ ካርድ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ራም ነው፤ እሱንም በብዛት።

ማይክማክ

ማይክማክ የፈረንሳይ ብሔራዊ የካርታ ተቋም፣ አይጂኤን፣ ሥራ ነው። የተሠራው የመለኪያ ሳይንስ በሚያውቁ ሰዎች በመሆኑ ስለ ስህተት መጠን፣ ስለ ሌንስ ሞዴልና ስለ መቆጣጠሪያ ነጥቦች ከሁሉም የበለጠ ቁጥጥር ይሰጣል። ኦርቶፎቶም ያወጣል። ዋጋው ትዕግሥት ነው፦ ሁሉ ነገር በኮማንድ ላይን ነው፤ የትዕዛዞቹ ስም ለመገመት ያስቸግራል፤ መመሪያው ወፍራም ነው። የጂኦማቲክስ ተማሪ ከሆናችሁ የምታጠፉት ጊዜ ይክሳችኋል። በሳምንቱ መጨረሻ አንድ ካርታ ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው ግን አልመክርም።

ኮልማፕ

በ2016 በወጡ የምርምር ጽሑፎች የታወቀ፣ በኮምፒውተር ቪዥን ተመራማሪዎች ዘንድ እንደ መለኪያ የሚታይ ሶፍትዌር ነው። ላይሰንሱ ቢኤስዲ ነው። የካሜራ ቦታ በማስላት በኩል በጣም ጠንካራ ነው፤ ገጹም ለትምህርት ይመቻል፤ ሞዴሉ ፎቶ በፎቶ ሲገነባ ታያላችሁ። ግን ኦርቶፎቶ አያወጣም። የነጥብ ደመናውን ለማጥበቅ ደግሞ ኩዳ ያለው የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። አልጎሪዝሙን ለመማር ወይም በራሳችሁ ኮድ ውስጥ ለማስገባት ግሩም ነው፤ ካርታ ለማስረክብ ብቻውን አይበቃም።

ሜሽሩም

አሊስቪዥን በተባለው ላይብረሪ ላይ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ እንደ ሳጥን ሆኖ በመስመር ይገናኛል፤ ለመረዳት ቀላል ነው። ዋና ዓላማው ግን ለፊልም፣ ለጌምና ለቅርስ የሚሆን 3ዲ ሞዴል ነው። ሐውልት ወይም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ውቅር ለመቅረጽ ተመራጭ ነው። እሱም ለሙሉ ሥራ የኤንቪዲያ ካርድ ይጠይቃል።

ከእነዚህ ሌላ ሁለት ረዳቶች ያስፈልጓችኋል። ኪውጂአይኤስ ኦርቶፎቶውን ከፍቶ ካርታ ለመሥራት፤ ክላውድኮምፔር የነጥብ ደመናን ለማየትና ለማነጻጸር። ሁለቱም ኦፕን ሶርስ ናቸው፤ የትኛውንም ሞተር ብትመርጡ ያገለግሏችኋል።

አንድ ሥራ በቁጥር

ምርጫው ግልጽ እንዲሆን አንድ ሥራ ይዘን እንሂድ። 500 ሜትር በ400 ሜትር፣ ማለትም 20 ሄክታር የሆነ መሬት አለን። ድሮናችን ፋንተም 4 ፕሮ ነው፦ ሴንሰሩ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር፣ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት 8.8 ሚሊሜትር፣ ፎቶው 5472 በ3648 ፒክስል።

በ100 ሜትር ከፍታ አንድ ፎቶ 150 ሜትር በ100 ሜትር መሬት ይሸፍናል። 150 ሜትርን ለ5472 ስናካፍል አንድ ፒክስል መሬት ላይ 2.7 ሴንቲሜትር ያህል ነው።

ማዛመዱ እንዲሳካ ፎቶዎቹ መደራረብ አለባቸው። ወደፊት 80 በመቶ፣ ወደ ጎን 70 በመቶ እንውሰድ። በየ20 ሜትሩ አንድ ፎቶ፣ በየ45 ሜትሩ አንድ የበረራ መስመር ይሆናል ማለት ነው። 400 ሜትሩን ለመሸፈን 10 መስመር ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ መስመር፣ ከጠርዙ ትንሽ አልፈን ስናነሳ፣ 30 ፎቶ። ጠቅላላ 300 ፎቶ። በሴኮንድ 8 ሜትር ብንበር በየ2.5 ሴኮንዱ አንድ ፎቶ እናነሳለን፤ በረራው በ15 ደቂቃ አካባቢ ያልቃል፤ አንድ ባትሪ ይበቃዋል።

እነዚህ 300 ፎቶዎች እያንዳንዳቸው 8 ሜጋባይት ቢሆኑ 2.4 ጊጋባይት ይሆናሉ። ይህን ወደ ክላውድ ለመላክ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሚጭን ኢንተርኔት ካለን፣ ሳይቋረጥ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። ፍራንክፈርት ወይም ዱባይ ተቀምጦ ይህ ቁጥር አያሳስብም ይሆናል። ወረዳ ከተማ ላይ ላለ ባለሙያ ግን ሥራውን እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ መጨረስ መቻሉ ትልቅ ልዩነት ነው።

ታዲያ ምን ዓይነት ኮምፒውተር? የኦፕንድሮንማፕ መመሪያ በግርድፉ ለ40 ፎቶ 4 ጊጋባይት፣ ለ250 ፎቶ 16 ጊጋባይት፣ ለ500 ፎቶ 32 ጊጋባይት ራም ይላል። ለእኛ 300 ፎቶ 32 ጊጋባይት ምቹ ነው፤ በ16 ጠርዝ ላይ ነን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግረው ነገር አለ። በዊንዶውስ ላይ ዶከር ከሊኑክስ ንዑስ ሥርዓቱ ጋር ሲሠራ፣ ካልቀየራችሁት በቀር፣ የሚሰጠው የማሽኑን ራም ግማሽ ብቻ ነው። 16 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ ለሶፍትዌሩ 8 ሆኖ ይታያል። ሥራው መሃል ላይ በኮድ 137 ከቆመ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ራም ማለቁ ነው እንጂ ፎቶዎቹ መበላሸታቸው አይደለም። መፍትሔዎቹ በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦

• ለዶከር የተፈቀደውን ራም ከፍ አድርጉ፤ በዲስኩ ላይም በቂ ስዋፕ ስጡት። ይዘገያል፤ ግን ይጨርሳል።
• የምልክት ፍለጋውንና የነጥብ ደመናውን ጥራት አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ።
• መሬቱ ሜዳ ከሆነና ኦርቶፎቶ ብቻ ከፈለጋችሁ፣ ፈጣን ኦርቶፎቶ የሚለውን ምርጫ ተጠቀሙ፤ የማጥበቁን ደረጃ ይዘለዋል።
• ስፕሊት የሚለው ምርጫ ፎቶዎቹን በቡድን ከፋፍሎ ሠርቶ በመጨረሻ ያገናኛቸዋል።

መብራት ቢጠፋስ? ኦፕንድሮንማፕ የእያንዳንዱን ደረጃ ውጤት ስለሚያስቀምጥ ከቆመበት ደረጃ ማስቀጠል ይቻላል። ሌሊቱን ሙሉ የሠራ ማሽን ከዜሮ አይጀምርም።

አንድ ነገር እንጨምር። ካልነገራችሁት በቀር ኦርቶፎቶው በፒክስል 5 ሴንቲሜትር ሆኖ ይወጣል። ፎቶዎቻችን 2.7 ሴንቲሜትር ስለሚያሳዩ 3 ብላችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ። 1 ብትሉት ግን አዲስ ነገር አይታይበትም፤ ካሜራው ያላየውን ሶፍትዌር አይፈጥረውም።

የሚያምር ካርታ ትክክለኛ ካርታ ነው?

ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ክፍል ይህ ነው። ኦርቶፎቶው ጥርት ብሎ ሲወጣ፣ እያንዳንዱ ቁጥቋጦ ሲታይ፣ ዓይን ያምነዋል። ነገር ግን ጥራትና ትክክለኛነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፒክስሉ 3 ሴንቲሜትር የሆነ ካርታ ሙሉ በሙሉ 3 ሜትር ወደ ምሥራቅ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል። ተራ የድሮን ጂፒኤስ በሜትሮች ይሳሳታልና።

ለሰብል ክትትል ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ለመሬት ወሰን ግን 3 ሜትር ማለት የጎረቤት ማሳ ነው። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ የሚካሄደው በኦርቶፎቶ ላይ ወሰን እየተሰመረ ነው። ማንም ሰው ድሮን ይዞ ተመሳሳይ የሚመስል ምስል ሊያወጣ ስለሚችል፣ ልዩነቱን የምናውቅ ሰዎች ልዩነቱን መናገር አለብን።

መፍትሔው የመሬት መቆጣጠሪያ ነጥብ ነው። ከበረራው በፊት ከላይ የሚታይ ምልክት መሬት ላይ ይደረጋል፤ ለእኛ ምሳሌ ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ ይበቃል። የእያንዳንዱ መሃል በትክክለኛ የጂኤንኤስኤስ መቀበያ ይለካል። ቢያንስ 5 ነጥብ ያስፈልጋል፦ አራቱ በማዕዘኖቹ አካባቢ፣ አንዱ መሃል ላይ። ኮረብታና ሸለቆ ካለ በሁለቱም ላይ። እያንዳንዱ ነጥብ ቢያንስ በ3 ፎቶ ላይ ይመልከት። ኦፕንድሮንማፕ እነዚህን የሚቀበለው በቀላል የጽሑፍ ፋይል ነው፦ የመጀመሪያው መስመር የመጋጠሚያ ሥርዓቱን ይናገራል፤ ቀጣዮቹ የነጥቡን ቦታና ከፍታ፣ በየትኛው ፎቶ የትኛው ፒክስል ላይ እንዳለ ይዘረዝራሉ።

ከለካችኋቸው ነጥቦች ሁለት ወይም ሦስቱን ለሶፍትዌሩ አትስጡት። ካርታው ሲያልቅ እነዚያን ነጥቦች ካርታው ላይ ፈልጋችሁ ከመስክ ልኬቱ ጋር አነጻጽሩ። ያ ልዩነት የካርታችሁ እውነተኛ ስህተት ነው። ሶፍትዌሩ ራሱ በሪፖርቱ የሚነግራችሁ ቁጥር ተማሪ የራሱን ፈተና እንደማረም ነው።

ሌሎች ሦስት ወጥመዶችም አሉ።

የመጋጠሚያ ሥርዓት። ኢትዮጵያ በዩቲኤም ዞን 36፣ 37 እና 38 ሰሜን ውስጥ ትገኛለች፤ አዲስ አበባ በ37 ላይ ነች። ድሮንና ስልክ የሚጠቀሙት ደብሊውጂኤስ 84 ነው፤ ኮዱ ኢፒኤስጂ 32637። ብዙ የቆዩ የኢትዮጵያ ካርታዎች ግን የተሠሩት በአዲንዳን ነው፤ ኮዱ ኢፒኤስጂ 20137። ሁለቱን ሳይለውጡ መደረብ ከመቶ ሜትር በላይ ስህተት ያመጣል። ካርታችሁ ከአሮጌው ካርታ አልገጥም ካለ ድሮኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ።

ጉልላት መስሎ መውጣት። ፎቶዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ወደ ታች ሲነሱና የሌንሱ መዛባት በትክክል ሳይገመት ሲቀር፣ ሜዳው መሃሉ ያበጠ ወይም የሰረጎደ ሆኖ ይወጣል። ኦርቶፎቶው ላይ አይታይም፤ ከፍታው ላይ ግን አለ። የውኃ መውረጃ ወይም መስኖ ለማቀድ ያሰበን ሰው ያሳስታል። መፍትሔው ካሜራውን ጥቂት ዲግሪ አዘንብሎ የተወሰኑ ፎቶዎችን መጨመርና መሃል ላይ መቆጣጠሪያ ነጥብ ማድረግ ነው።

የካሜራ መዝጊያ። ርካሽ ድሮኖች ፎቶውን በአንድ ቅጽበት ሳይሆን መስመር በመስመር ነው የሚያነቡት። ንባቡ 30 ሚሊሴኮንድ ቢፈጅና ድሮኑ በሴኮንድ 10 ሜትር ቢበር፣ ከፎቶው ራስ እስከ ግርጌ ድሮኑ 30 ሴንቲሜትር ሄዷል። ቀስ ብላችሁ ብረሩ፤ ኦፕንድሮንማፕ ይህን የሚያስተካክል ምርጫም አለው።

አማርኛ በካርታው ላይ

ኦርቶፎቶው ካለቀ በኋላ በኪውጂአይኤስ ውስጥ ቤት፣ መንገድና ማሳ ታሰምራላችሁ፤ ስማቸውንም በአማርኛ ትጽፋላችሁ። እዚህ ላይ አንድ አሮጌ ነገር ያደናቅፋል፦ ሼፕፋይል።

ሼፕፋይል መረጃውን በዲቢኤፍ ሠንጠረዥ ውስጥ ያስቀምጣል፤ በዚያ ውስጥ የአንድ አምድ ስም ከ10 ባይት አይበልጥም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ለአምድ ስም የሚበቃን ሦስት ፊደል ብቻ ነው። "ቀበሌ" ይገባል፤ "ባለይዞታ" ይቆረጣል። በተጨማሪም ሌላ ሰው ፋይሉን ሲከፍት ኢንኮዲንጉ ካልታወቀ ጽሑፉ በሙሉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል።

ስለዚህ ጂኦፓኬጅ ተጠቀሙ። አንድ ፋይል ነው፤ ጽሑፉ ሁልጊዜ ዩኒኮድ ነው፤ በአምድ ስም ላይ ያ ገደብ የለም። ለፊደል ቅርጽ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ በነፃ ይገኛሉ። ካርታውን ለሌላ ሰው ስትልኩ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን እንዳይታይ በፒዲኤፍ ወይም በምስል አውጡት።

ፎቶዎቹ ያሉበት ፎልደርና የፋይሎቹ ስም ግን በላቲን ፊደልና ያለ ክፍት ቦታ ይሁን። በመካከል ብዙ ትናንሽ ፕሮግራሞች ፋይሉን ይቀባበላሉ፤ አንዱ እንኳ ዩኒኮድ ካልገባው ሥራው በማይገባ ስህተት ይቆማል። አማርኛውን ለካርታው እናስቀምጠው።

ከመብረራችሁ በፊት

በአሜሪካ የከፍታው ጣሪያ በመደበኛነት 400 ጫማ፣ በአውሮፓ ኅብረት 120 ሜትር ነው፤ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ለመዝናኛ ያልሆነ በረራ የአብራሪ የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ይዞ መግባትም ማብረርም ቀድሞ የተገኘ ፈቃድ ይፈልጋል። ለበዓል ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ሻንጣ ውስጥ ጨምሮ መሄድ አይቻልም። የሚሻለው አገር ቤት ካለና ፈቃድ ካለው ተቋም ጋር አብሮ መሥራት፣ እናንተም በሶፍትዌሩ በኩል ማገዝ ነው።

ታዲያ የትኛውን?

• ካርታ ወይም ከፍታ ከፈለጋችሁ፦ ዌብኦዲኤም።
• ብዙ ሥራ በራሳችሁ ፕሮግራም ማስኬድ ከፈለጋችሁ፦ ኖድኦዲኤም፤ ላይሰንሱን አንብቡ።
• የመለኪያ ትክክለኛነትን በጥልቀት መቆጣጠር ከፈለጋችሁ፦ ማይክማክ።
• አልጎሪዝሙን መማር ወይም በላዩ መመራመር ከፈለጋችሁ፦ ኮልማፕ።
• የአንድ ሕንፃ ወይም ሐውልት 3ዲ ሞዴል ከፈለጋችሁ፦ ሜሽሩም።

ድሮን የሌላችሁ ወጣቶችም ዛሬውኑ መጀመር ትችላላችሁ። የኦፕንድሮንማፕ ማኅበረሰብ ለልምምድ የሚሆኑ የድሮን ፎቶዎችን በነፃ አስቀምጧል። ከ40 ፎቶ በታች የሆነ አንድ ስብስብ ውሰዱ፤ በላፕቶፓችሁ ላይ አስኬዱት፤ ውጤቱን በኪውጂአይኤስ ክፈቱ። ከዚያ ከፎቶዎቹ ግማሹን ቀንሳችሁ ደግማችሁ አስኬዱት። ካርታው የት የት እንደተቀደደና የት እንደተጣመመ ስታዩ፣ መደራረብ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ በላይ ይገባችኋል።

መልካም ሥራ!